ሃያ ዲስክ ለመገልበጥ ዋናውን አንዴ ማንበብ ይበቃል

ጥያቄው ጀርመን ከሚኖር ወጣት የመጣ ነው። ስለ ኮሞዶር 64፣ ማለትም ስለ 1980ዎቹ የቤት ኮምፒውተር፣ እና ዲስክ ስለሚያነብለት 1541 ድራይቭ ነው። ባጭሩ እንዲህ ይላል፦

«ጋሼ፣ ኮሞዶር 64 እና አንድ 1541 ድራይቭ አለኝ። ልጆች ፊደል የሚማሩበት ትንሽ ጨዋታ ሠርቻለሁ። የአሮጌ ኮምፒውተር ወዳጆች ሲሰባሰቡ ለ20 ሰው በፍሎፒ ላድል አስቤ ነበር። ግን አንዱን ዲስክ ለመገልበጥ ግማሽ ሰዓት ይፈጃል። ዋናውንና ባዶውን ዲስክም አምስት አምስት ጊዜ እያፈራረቅኩ ማስገባት አለብኝ። ማውጫው (የዲስኩ የፋይል ዝርዝር) 402 ብሎክ ነፃ ይላል። ሁለተኛ ድራይቭ ልግዛ ወይስ የሜሞሪ ማስፋፊያ? ምን ይመክሩኛል?»

ወንድሜ፣ ገንዘብህን ገና አታውጣ። መላው እዚያው ጥያቄህ ውስጥ አለ። «402 ብሎክ ነፃ» ያልከው ቁጥር ከድራይቩም ከማስፋፊያውም በላይ ይጠቅምሃል። እመለስበታለሁ። መጀመሪያ ግን ጊዜህ የት እየሄደ እንደሆነ እንይ።

አንድ የ1541 ዲስክ 35 ትራክ፣ ማለትም 35 ክብ መስመር አለው። ትራኮቹ እኩል አይደሉም። ወደ ጠርዙ ያሉት ረጅም ስለሆኑ ብዙ ይይዛሉ፣ ወደ መሃል ያሉት ደግሞ ያንሳሉ። ከ1 እስከ 17 ያሉት እያንዳንዳቸው 21 ሴክተር (ቁራጭ) አላቸው። ከ18 እስከ 24 ያሉት 19፣ ከ25 እስከ 30 ያሉት 18፣ ከ31 እስከ 35 ያሉት ደግሞ 17 ናቸው። ሲደመር 683 ሴክተር ይሆናል። አንዱ ሴክተር 256 ባይት ስለሆነ ዲስኩ በሙሉ 174,848 ባይት ነው። 18ኛው ትራክ ለማውጫው የተያዘ ነው፤ 19 ሴክተር ይወስዳል። አዲስ ዲስክ «664 ብሎክ ነፃ» የሚለውም ለዚህ ነው፤ ብሎክ ማለት ያው ሴክተር ነው።

ዲስኩ በደቂቃ 300 ጊዜ ይዞራል። አንዱ ዙር የሰከንድ አንድ አምስተኛ ነው። ትራኩን በአንድ ዙር ማንበብ ቢቻል 35ቱ ትራኮች በ7 ሰከንድ ያልቃሉ ማለት ነው። አሁን ደግሞ ድራይቩን ከኮምፒውተሩ ጋር የሚያገናኘውን ገመድ ተመልከት። በተለመደው መንገድ በዚያ ገመድ የሚያልፈው በሰከንድ 400 ባይት ገደማ ነው። 174,848ን ለ400 ስታካፍል 437 ሰከንድ ይወጣሃል፤ ከ7 ደቂቃ ይበልጣል። ዲስኩ በ7 ሰከንድ ሊሰጥ የሚችለውን ገመዱ በ7 ደቂቃ ነው የሚያደርሰው። ለመጻፍ ደግሞ ያው ጊዜ ይደገማል። በዚህ ላይ ፎርማቱን (ባዶውን ዲስክ ለመጻፍ ማሰናዳቱን) እና ዲስክ መቀያየሩን ጨምርበት፤ ግማሽ ሰዓትህ እዚያ ነው ያለው።

ገመዱ እንዲህ የተንቀራፈፈበት ምክንያት አለው። ኮሞዶር ኩባንያ ከ64ቱ በፊት ለነበረው ለቪክ-20 ኮምፒውተር ይህን ግንኙነት ሲነድፍ ቢቶቹን ተራ በተራ የመላኩን ሥራ 6522 የተባለው ቺፕ በራሱ እንዲሠራ ነበር ያሰበው። ቺፑ ግን ልክ እዚያ ክፍሉ ላይ ጉድለት ተገኘበት። ስለዚህ ሥራው ወደ ሶፍትዌር ዞረ፤ ፕሮሰሰሩ ራሱ እያንዳንዷን ቢት እየጠበቀ እንዲልክና እንዲቀበል ተደረገ። በ1982 ኮሞዶር 64 ሲመጣ ነገሩ ባሰ። የ64ቱ የስክሪን ቺፕ ጽሑፍ ሲያሳይ በየ8 መስመሩ ፕሮሰሰሩን 40 ዑደት (የፕሮሰሰሩ የሥራ ምት) ያህል ያስቆመዋል። በዚያች ቅጽበት የመጣች ቢት ታመልጣለች። ኩባንያው ይህን ለማስቀረት ድራይቩ ይበልጥ ቀስ ብሎ እንዲልክ አደረገ። ሙሉው የ64 ትውልድ የኖረው በዚህ ውሳኔ ሥር ነው።

መውጫ መንገዱ ግን ከዚያው ከድራይቩ ሆድ ተገኘ። 1541 ራሱን የቻለ ኮምፒውተር ነው። የራሱ 6502 ፕሮሰሰር፣ 2,048 ባይት ራም (የሚጻፍበት ሜሞሪ) እና 16 ኪሎባይት ሮም (የማይጻፍበት ሜሞሪ) አለው። ከኮምፒውተሩ የራስህን ፕሮግራም ወደ ድራይቩ ራም ልከህ «ከአሁን ጀምሮ በዚህ ቋንቋ እንነጋገር» ልትለው ትችላለህ። ፈጣን ጫኝና ፈጣን ገልባጭ ፕሮግራሞች የሚያደርጉት ይህንኑ ነው፤ ፍጥነቱንም ከ5 እስከ 10 እጥፍ ያሳድጉታል። ብዙዎቹ ሥራ ላይ ሲሆኑ ስክሪኑን ያጠፋሉ። ስክሪኑ ሲጠፋ ቪዲዮ ቺፑ ፕሮሰሰሩን ማስቆሙን ይተዋል። አንተም ከፈለግህ ማድረግ ትችላለህ፤ አድራሻ 53265 ላይ ዋጋዋ 16 የሆነችውን ቢት ዜሮ ማድረግ ነው። ኮፒ እያደረግህ ስክሪኑ ባዶ ቢሆን አትደንግጥና ማሽኑን አታጥፋ።

ስለዚህ የመጀመሪያው ነገር ፈጣን ገልባጭ መጠቀም ነው። ይህን ማንም ይነግርሃል። ችግሩ ብዙ ሰው እዚህ ላይ ማቆሙ ነው። ገመዱ ከፈጠነ በኋላ ቀኑን የሚበላው ማሽኑ ሳይሆን እጅህ ነው። ስለዚህ ከአሁን በኋላ የምንቆጥረው ሰከንድ አይደለም፤ ዲስክ ስንት ጊዜ እንደምታስገባ ነው።

አንተ የያዝከው ገልባጭ አምስት ዙር የሚጠይቅህ ቤዚክ ለተባለው የፕሮግራም ቋንቋ የተተወውን ሜሞሪ ብቻ ስለሚጠቀም ይመስለኛል። ማሽኑ ሲከፈት የምታየው 38,911 ባይት ነው። 151 ሴክተር ብቻ ይይዛል። 683 ለ151 ሲካፈል አራት ከግማሽ ነው፣ ማለትም 5 ዙር። በእያንዳንዱ ዙር ዋናውን ታስገባለህ፣ ከዚያ ባዶውን። ለአንድ ኮፒ 10 ጊዜ፣ ለ20 ኮፒ 200 ጊዜ ማስገባት ነው። ከ200ው መቶው ዋናው ዲስክህ ነው። መቶ ጊዜ የገባና የወጣ ዲስክ ደግሞ መቶ ጊዜ ለጣት አሻራ፣ ለአቧራና ለስህተት ተጋልጧል።

ኮሞዶር 64 ግን በስሙ 64 ኪሎባይት አለው፤ 65,536 ባይት። ቤዚኩንና የሲስተሙን ሮም ከመንገድ ዞር ካደረግሃቸው ከሥራቸው ያለው ራም ነፃ ይሆናል። የማሽን ቋንቋ ካወቅህ ራስህ ልትጽፈው የምትችል ነገር ነው፤ ጨዋታ ከሠራህ ደግሞ ሩቅ አይደለህም። አከፋፈሉ እንዲህ ቢሆን ደስ ይለኛል፦ ከትራክ 1 እስከ 11 ያለው 231 ሴክተር ነው፣ ከ12 እስከ 22 ያለው 221፣ ከ23 እስከ 35 ያለው እንደገና 231። ትልቁ ክፍል 59,136 ባይት ስለሆነ ለራሱ ለፕሮግራሙ 6,400 ባይት ይተርፋል። ይህ በቂ ነው።

እዚህ ላይ ሰው የሚሰናከልባቸው ሁለት ቦታዎች አሉ። ሮሙ ሲጠፋ የኢንተራፕት አድራሻዎቹም አብረው ስለሚጠፉ መጀመሪያ ኢንተራፕቱን (ፕሮሰሰሩን ከሥራው የሚያቋርጠውን ጥሪ) ዝጋ። ሌላው ከ53248 እስከ 57343 ያለው ሰፈር ነው። እዚያ ላይ የስክሪኑ፣ የድምፁና የገመዱ ቺፖች አሉ፤ ከሥራቸው ደግሞ 4,096 ባይት ራም አለ። ከገመዱ ባይት ስትቀበል ቺፖቹ መታየት አለባቸው። ያንን ባይት እዚያ ራም ላይ ስታስቀምጥ ደግሞ መደበቅ አለባቸው። መደበቁን ከረሳህ የጨዋታህ ክፍል ራሙ ውስጥ በመግባት ፈንታ የድምፅ ቺፑ ላይ ይጻፋል። ኮፒው ያለቀ ይመስላል፣ መሃሉ ላይ ግን 16 ሴክተር ባዶ ቆሻሻ ነው። ይህን ስህተት ማረም የማይቻልበት ጊዜ ላይ ከምታገኘው አሁኑኑ እወቀው።

በዚህ 5ቱ ዙር 3 ሆነ። 200ው ማስገባት ወደ 120 ወረደ።

አሁን ዋናው ነገር። የብዙ ገልባጭ ፕሮግራሞች አሠራር አንድ ዲስክ ጨርሶ ወደ ሌላው መሄድ ነው። ለአንድ ኮፒ ልክ ነው። ለ20 ኮፒ ግን ያንኑ ነገር 20 ጊዜ እያነበቡ 20 ጊዜ መርሳት ነው። አንዱን ክፍል አንብበህ ሜሞሪ ውስጥ ከያዝክ በኋላ አንድ ባዶ ላይ ጽፈህ ለምን ትጥለዋለህ? ቅደም ተከተሉን አዙረው። አንደኛውን ክፍል አንዴ አንብብ፣ ከዚያ ሃያዎቹ ባዶዎች ላይ ተራ በተራ ጻፈው። ሁለተኛውን አንዴ አንብብ፣ ሃያዎቹን መልሰህ አሳልፋቸው። ሦስተኛውንም እንዲሁ። ዋናው ዲስክ 3 ጊዜ ብቻ ይገባል፣ ባዶዎቹ 60 ጊዜ። ድምሩ 63 ነው። አንድ ሳንቲም ሳታወጣ፣ ቅደም ተከተሉን በመቀየር ብቻ።

ጠረጴዛህን ለዚህ አዘጋጀው። ያልተነኩት በግራ፣ የተጻፈባቸው በቀኝ። አንዱ ክምር ሲያልቅ ክምሩ እንዳለ ወደ ግራ ይመለሳል። በየዲስኩ ጥግ ላይ ከ1 እስከ 20 ቁጥር ጻፍ። ልጅ ጠርቶህ፣ ስልክ ተደውሎ ብትነሳ የት እንደነበርክ ታውቃለህ።

አንድ ተጨማሪ ጥንቃቄ አለ። ማውጫው ያለበት 18ኛው ትራክ የሚገኘው መካከለኛው ክፍል ላይ ነው። ያንን ክፍል መጨረሻ ላይ ጻፈው። መጀመሪያ 1 እስከ 11፣ ቀጥሎ 23 እስከ 35፣ በመጨረሻ 12 እስከ 22። እንዲህ ካደረግህ አዲስ ፎርማት የተደረገ ዲስክ ሳይጨርስ ቢቀር ማውጫው ባዶ ሆኖ ይታያል። በተራ ቅደም ተከተል ከሄድክ ግን ማውጫው ሁለተኛው ዙር ላይ ይጻፍና የመጨረሻውን ክፍል ያላገኘ ዲስክ ሙሉ መስሎ ሰው እጅ ይገባል። ጨዋታው ግማሽ መንገድ ላይ ቆሞ የሚቀረው ቤቱ ሄዶ ሲከፍተው ነው።

አሁን ወደ 402 እንመለስ። 664 ሲቀነስ 402፣ 262 ብሎክ ነው። ጨዋታህ የያዘው ይህን ያህል ብቻ ነው! የቀረው 402 ብሎክ ፎርማት ሲደረግ የተሞላ ባዶ ነገር ነው፤ አንተ ግን እሱንም 20 ጊዜ እየገለበጥክ ነበር። 18ኛው ትራክ ላይ የመጀመሪያው ሴክተር የብሎኮቹ ካርታ ነው። ለእያንዳንዱ ሴክተር አንድ ቢት አለው፤ የተያዘ ወይም ነፃ ይላል። ጥሩ ገልባጭ መጀመሪያ ይህን ካርታ ያነብና የተያዙትን ብቻ ያመጣል። በአንዳንድ ፕሮግራሞች ምርጫ ሆኖ ይቀርባል፤ ፈልገው። አንድ ነገር ልብ በል። ፕሮግራምህ በፋይል ሳይሆን በቀጥታ በሴክተር ቁጥር የሚያነበው ዳታ ካለ ካርታው ላይ «የተያዘ» ተብሎ መመዝገብ አለበት። ካልሆነ ኮፒው ላይ አይኖርም። ያንተ ሥራ ስለሆነ ይህን ከማንም በላይ የምታውቀው አንተ ነህ።

262ቱ ላይ ካርታውንና የማውጫውን ሴክተር ጨምር። አንድ የማውጫ ሴክተር 8 ፋይል ይመዘግባል፤ ፋይሎችህ ከ8 ካልበለጡ አንድ ይበቃል። ድምሩ 264 ሴክተር ሆነ። ሜሞሪያችን በአንድ ጊዜ የሚይዘው 231 ነው። ስለዚህ 2 ዙር፣ 42 ማስገባት።

ልዩነቱን አየኸው? 33 ሴክተር ነው ያለፈው። 33 ብሎክ ከጨዋታህ ላይ ብትቀንስ ጠቅላላው ነገር በአንድ ንባብ ሜሞሪ ውስጥ ይገባል። ዋናውን አንዴ ታስገባለህ፣ ሃያዎቹን እያንዳንዳቸውን አንድ ጊዜ። 21 ማስገባት፣ አለቀ። ከ200 ወደ 21። እኔ በአንተ ቦታ ብሆን ጉልበቴን ሁሉ የማፈሰው እነዚህ 33 ብሎኮች ላይ ነው።

33 ብሎክ ደግሞ ብዙ አይደለም፤ በፋይል ሲታሰብ ከየብሎኩ 254 ባይት ብቻ ስለሚጠቅም 8,382 ባይት ነው። የመክፈቻ ሥዕል አለህ? ኮዋላ በተባለው የሥዕል ፕሮግራም ዓይነት የተቀመጠ ከሆነ ብቻውን 10,003 ባይት ነው፤ 40 ብሎክ ይበላል። አብዛኛው ሥዕል ደግሞ ሰፊ አንድ ዓይነት ቀለም ስላለው ሲጨመቅ በጣም ያንሳል። የሠራኸው የፊደል ቅርጽ ስብስብ 256 ቅርጽ ካለው 2,048 ባይት ነው፤ 9 ብሎክ። የጨዋታው ክፍሎች እያንዳንዳቸው የራሳቸውን የፊደል ስብስብ ይዘው ከሆነ በአንድ ፋይል አድርጋቸውና ሁሉም ከዚያ ይጠቀሙ። ከዚያ በኋላ ፕሮግራሞቹን ራሳቸውን በኤክሶማይዘር ወይም በሚመስለው መጭመቂያ አሳልፋቸው። የተጨመቀው ፕሮግራም ሲጫን ራሱን ይፈታል፤ ተጠቃሚው አንዲት አፍታ ከመጠበቅ በቀር ምንም አያይም። እንዲያውም ይጠቅመዋል። የዚያ ቀርፋፋ ገመድ መንገድ ስላጠረ ጨዋታው ቶሎ ይከፈትለታል።

ጊዜውንም እንይ። 59,136 ባይት በተለመደው ፍጥነት 148 ሰከንድ ነው። በ5 እጥፍ ፈጣን ገልባጭ 30 ሰከንድ ገደማ። ሃያው በ10 ደቂቃ ይጻፋል። ከዚያ የሚቀርህ ፎርማቱ ነው።

ፎርማት ሰው የማይቆጥረው ጊዜ ነው። የ1541 የራሱ የፎርማት ትእዛዝ ለአንድ ዲስክ ከአንድ ደቂቃ በላይ ይወስዳል፤ ለ20 ሲሆን ግማሽ ሰዓት ገደማ። ፈጣን ገልባጮች አብዛኛዎቹ የራሳቸው ፈጣን ፎርማት አላቸው፤ እሱን ተጠቀም። ዲስኮቹ ከዚህ በፊት በ1541 ፎርማት የተደረጉና ጤነኛ ከሆኑ ደግሞ መልሶ ፎርማት ማድረግ አያስፈልግም። አዲስ ፎርማት ካደረግህ ግን ለእያንዳንዱ ዲስክ የተለያየ ባለ ሁለት ፊደል መታወቂያ ስጠው። ይህ መታወቂያ በየሴክተሩ ራስጌ ላይ ይጻፋል፤ ድራይቩ ዲስክ መቀየሩን ከሚያውቅባቸው ምልክቶች አንዱ ነው። ሁለት ዲስክ አንድ ዓይነት መታወቂያ ካላቸውና ድራይቩ መቀየራቸውን ካላወቀ፣ የአንዱን የብሎክ ካርታ ይዞ ሌላው ላይ ሊጽፍ ይችላል። ፋይል ፋይልን ይደርበዋል። ተቀባዮችህ ነጥባቸውን እዚያው ዲስክ ላይ የሚያስቀምጡ ከሆነ ይህ ነገር ቀልድ አይደለም። ሴክተር በሴክተር የሚገለብጥ ፕሮግራም ራስጌውን ስለማይነካ የሰጠኸው መታወቂያ ይቆያል። ማውጫው ላይ የሚታየው የዋናው ዲስክ መታወቂያ ይሆናል፣ እሱ ለዓይን ብቻ ነው።

አሁን የጠየቅኸውን ልመልስ። ድራይቭ ወይስ ማስፋፊያ?

ለ20 ኮፒ ሁለቱም አያስፈልጉህም። ደጋግመህ የምታድል ከሆነ ግን ድራይቩን ቅድሚያ እሰጠዋለሁ። ሁለት ድራይቭ ሲኖርህ ዋናው ዲስክ አንዱ ውስጥ ይቀመጥና ከዚያ አይነሳም። ኮምፒውተሩ የሚጠራቸው ቁጥር መለያየት አለበት፤ አንዱ 8፣ ሌላው 9። በ1541-2 ከኋላ ባሉት ትንንሽ ማብሪያዎች ይቀየራል። በአሮጌው 1541 ግን ከፍተህ ቦርዱ ላይ ያለውን ድልድይ መቁረጥ ይጠይቃል። ካልደፈርክ በሶፍትዌር ትእዛዝም ይሆናል፤ ድራይቩ ሲጠፋ ግን ወደ 8 ይመለሳል።

ሁለት ድራይቮች እርስ በርሳቸው መነጋገር መቻላቸው በጣም የማደንቀው ነገር ነው። ፋስት ሃክኤም የተባለው የ1980ዎቹ ገልባጭ ለሁለቱም ድራይቮች ፕሮግራም ይልክላቸዋል። ከዚያ በኋላ የኮምፒውተሩን ገመድ ብትነቅለው እንኳ ሁለቱ ብቻቸውን ሲገለብጡ ይውላሉ። ኮምፒውተሩ ለሌላ ሥራ ነፃ ነው። ወሰኑ የድራይቩ ራም ነው፦ 2,048 ባይት ብቻ ነው ያለው፣ የውጭዎቹ ትራኮች ደግሞ 5,376 ባይት ናቸው። አንድ ትራክ እንኳ በሙሉ ስለማይይዝ ጥቂት ጥቂት ሴክተር እያነሳ ማሻገር አለበት። (ለቢሮ በተሠራው የኮሞዶር 4040 ድራይቭ ሁለቱ ክፍሎች አንድ ሳጥን ውስጥ ስለነበሩ «ዲ1=0» የምትል አንዲት ትእዛዝ ሙሉ ዲስክ ትገለብጥ ነበር። ብታገኘው ለሙዚየም እንጂ ለዚህ ሥራ አትግዛው። የ1541ን ዲስክ ያነባል፣ ሲጽፍበት ግን በአጻጻፍ ስለሚለያዩ ችግር ያመጣል።)

ድራይቩን ያስመረጠኝ ሁለተኛው ምክንያት ደግሞ ማረጋገጫ ስለሚሆንህ ነው። በአንዱ የተጻፈ በሌላው ከተነበበ ሰው ቤት ሄዶም የመነበብ ዕድሉ ሰፊ ነው።

የሜሞሪ ማስፋፊያው፣ ማለትም 1764 የሚባለው፣ 256 ኪሎባይት አለው። ሙሉው ዲስክ ገብቶበት ቦታ ይተርፋል። ዳታውን ወደ ኮምፒውተሩ ሜሞሪ የሚያመላልሰው በሰከንድ አንድ ሚሊዮን ባይት ገደማ ስለሆነ መጠበቅ የሚባል ነገር የለም። ዲስክህ ጢም ብሎ የሞላ፣ ሊቀነስ የማይችል ቢሆን ኖሮ መልሱ እሱ ነበር፤ አንዴ አንብቦ የፈለግኸውን ያህል መጻፍ። አልቲሜት የተባሉት የዛሬ ካርትሪጆችም ይህን ማስፋፊያ አስመስለው ይሠራሉ። ገልባጭ ፕሮግራምህ ግን ማስፋፊያውን የሚያውቅ መሆን አለበት። ካላወቀው ተሰክቶ ተቀምጧል ማለት ብቻ ነው።

ሌላውን ሁሉ ብትረሳ ይህን አትርሳ፦ ሥራ ከመጀመርህ በፊት የዋናውን ዲስክ የጎን ክፍተት በፕላስተር ሸፍን። በ5.25 ኢንች ዲስክ ክፍተቱ ሲሸፈን ነው መጻፍ የሚከለከለው። ከ3.5 ኢንቹ ጋር ስለሚቃረን ብዙ ሰው ያምታታዋል፤ እዚያ ክፍት ሲሆን ነው የሚከለከለው። ሃያ ዲስክ እያቀያየርክ ድካም ሲገባህ ዋናውን በባዶው ዲስክ ፈንታ ማስገባት በጣም ቀላል ነው። ፕላስተሩ ካለ ድራይቩ እምቢ ይላል።

ባዶዎቹን ስትገዛ ባለ ድርብ ጥግግት የሚባሉትን፣ ዲዲ የሚል ምልክት ያለባቸውን ፈልግ። 1.2 ሜጋባይት የሚሉት አይሆኑም። የእነሱ ሽፋን የበለጠ ብርቱ መግነጢስ ስለሚፈልግ 1541 የጻፈው በደንብ አይያዝባቸውም። ዛሬ ጽፎ ነገ ላያነበው ይችላል። አሮጌ ዲስክ ከሆነ ከማስገባትህ በፊት በመስኮቱ በኩል መሃሉን እያዞርክ በብርሃን ተመልከተው። ነጭ ነጠብጣብ ወይም ክብ ጭረት ካየህ አታስገባው። ሻጋታ ያለበት አንድ ዲስክ የማንበቢያውን ራስ ያቆሽሸዋል፣ የቆሸሸው ራስ ደግሞ ቀጥሎ የሚገቡትን ይጭራል። ጥጥ በአይሶፕሮፒል አልኮል ነክረህ ራሱን ከሥራው በፊትና መሃል ላይ ጥረገው።

ድራይቩ «ጠጠጠጥ» የሚል ድምፅ ቢያሰማ የማንበቢያ ራሱን ከመቆሚያው ጋር እያጋጨ ነው። ፎርማት ሲጀምር አንዴ መስማትህ የተለመደ ነው። አንድ ዲስክ ላይ ከተደጋገመ ግን ዲስኩ ታሟል፣ አውጣውና ጣለው። ደጋግሞ መጋጨት የማንበቢያውን ራስ ከመስመሩ ያስወጣዋል። ከመስመሩ የወጣ ድራይቭ ደግሞ ራሱ የጻፈውን ራሱ በደንብ ያነባል፣ ሌላው ድራይቭ ግን አያነበውም። ለሚያድል ሰው ከዚህ የከፋ ብልሽት የለም፤ ሁሉም ነገር አንተ ቤት ይሠራል። ስለዚህ ሁለተኛ ድራይቭ ባትገዛም የመጀመሪያዎቹን ሁለት ኮፒዎች የሌላ ሰው ማሽን ላይ ሞክራቸው። ይህን ሳታደርግ ሃያውን አትጨርስ።

ማረጋገጥን የሚዘል ገልባጭ እንዳትመርጥ። የ1541 የራሱ ሲስተም የጻፈውን መልሶ አንብቦ ያመሳክራል፤ ብዙ ፈጣን ገልባጮች ግን ለፍጥነት ሲሉ ይህን ይተዉታል። ምርጫው ካለ አብራው። ለአንድ ዲስክ ጥቂት ጊዜ ቢጨምርብህም ያዋጣል።

ኮምፒውተሩን ለሰዓታት ስለምታበራው የኃይል ሳጥኑንም አስብበት። ከማሽኑ ጋር የመጣው የመጀመሪያው ጥቁር ሳጥን ከሆነ ሲያረጅ 5 ቮልቱን ከልክ በላይ እየለቀቀ የሜሞሪ ቺፖቹን ሊያቃጥል ይችላል። በአዲስ ለውጠው። ለድራይቭ ያሰብከውን ገንዘብ ከምንም በፊት እዚህ ላይ ብታወጣው እመርጣለሁ።

ዋናውን ዲስክ ደግሞ በፋይል መልክ አስቀምጠው። ዙምፍሎፒ የሚባል ትንሽ መሣሪያ 1541ን ከዛሬ ኮምፒውተር ጋር በዩኤስቢ ያገናኛል። ሙሉው ዲስክ 174,848 ባይት የሆነ አንድ ዲ64 ፋይል ይሆንልሃል። ዋናው ቢበላሽ ከዚያ ፋይል አዲስ ዋና ትጽፋለህ።

ባዶ ዲስክ ስትገዛ ከ20 በላይ አድርገህ ግዛ። እነዚህ ዲስኮች ብዙዎቹ ከ30 ዓመት በላይ የቆዩ ስለሆኑ ከሃያው ጥቂቱ ፎርማት ላይ ወይም ማረጋገጫው ላይ ይወድቃሉ። ትርፎቹን አስቀድመህ ፎርማት አድርገህ ከክምሩ ሥር አስቀምጣቸው። አንዱ ሲወድቅ ቦታውን ለመተካት ዋናውን እንደገና ማንበብ አይኖርብህም፤ ጨዋታው እንደሆነ አሁንም ሜሞሪው ውስጥ ነው።